ከሆዷ ወደ እግሯ

የእናቴ ቁስል ከእኔ ትምህርት ጋር አብሮ ያደገ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ጤፍ ስታወርድ ከአይሱዙ ላይ ወደቀች፤ ቅልጥሟ ተላጠ። አስራ ሁለተኛን ስጨርስም ቁስሉ አልተዘጋም። እሷ ግን ጨርቅ እየጠቀለለችበት ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና እህሏን ትነግዳለች። ጠበሉንም ቅባቱንም ሞከርን፤ በጤና ጣቢያው የማያውቀን ነርስ አልነበረም። በመጨረሻ አንዱ በግልጽ ነገረን፦ "አጥንቱ ውስጥ ከገባ እግሩ ይቆረጣል።"

ሁዳዴ ተጋምሶ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ቁስል የሚያዩ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ሞጣ ሆስፒታል መጥተዋል ተባለ። ጎትቼ ወሰድኳት። ወጣቱ ዶክተር ቁስሉን አየና ሆዷን ቆንጠጥ አደረገ።

"እናቴ፣ ከዚህ ትንሽ ስብ እንወስዳለን። ውስጡ ሥጋ የሚጠግኑ ሴሎች አሉ፤ አጣርተን በቁስሉ ዙሪያ በመርፌ እንሰጥዎታለን። አዲስ ነገር ነው፤ በእርግጥ ይድናሉ ብዬ አልዋሽዎትም።"

እናቴ ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ያዘች።

"ስብ? በሁዳዴ?"

"የሚበላ አይደለም እኮ።"

"ገላዬ ውስጥ አይደል የሚገባው? ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ።"

"ያኔ እኛ የለንም። ዛሬ የመጨረሻ ቀናችን ነው።"

ቀሚሷን መልሳ ተነሳች። ደሜ ፈላ።

"እማ፣ በአንድ እግርሽ ልትሰግጂ ነው?"

"ምላስሽን ሰብስቢ! የነፍስ አባቴ ሳይፈቅዱ አይሆንም።"

ቢቸና ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ወደ ካርቶን መመለስ ሲጀምሩ በሩ ላይ ተገትሬ "መርፌውን እንዳታሽጉት!" አልኳቸው። ዶክተሩ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

በስንት መከራ አባ ስልኩን አነሱ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩና ነገሩን አስረዳኋቸው።

"ስቡ የምንድን ነው? የበግ ነው የበሬ?"

"የራሷ ነው አባ፤ ከሆዷ የሚወጣ።"

"ሆዷ ላይ ይዛው ስትጾም ካልገደፈች፣ እግሯ ላይ ሲወርድ ነው የሚያስገድፋት? እግርሽን ዘርጊ በያት!"

"እየሰማች ነው አባ።"

"እንዲያውም በሁዳዴ አጋማሽ ስብ መገኘቱ ነው እኔን የገረመኝ!"

በክፍሉ የተኛ በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ "ኧረ አባ፣ ከዚች ልጅ አራስ ቤት የተረፈ ነው!" አለች። ከዚያ አልጋው ላይ ወጥታ እግሯን ዘረጋች።

ውጪ ጠብቂ ቢሉኝ አልወጣሁም። ሆዷን አደንዝዘው ስቡን በቀጭን ቱቦ ሳቡት፤ ቢጫ ነው። ላቦራቶሪው ባለው የሚሽከረከር ማሽን አዞሩት፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ፣ የሚፈልጉትን ለይተው ያዙ። ከዚያ የቁስሉን ዳር እየዞሩ ወጉት። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች።

ወዲያው የዳነ ነገር የለም። ለብዙ ጊዜ ለውጥ ሳጣበት፣ ዶክተሩን በልቤ ሰድቤዋለሁ። ቢቸና ጤና ጣቢያ እያመላለስኩ ሳስጠርግላት ግን ቀጭን ሮዝ ቆዳ ከዳሩ ወደ መሃሉ ሲሳብ አየሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ቁስሉ ገጠመ።

በመጀመሪያው የሞጣ ገበያችን ሴቶቹ ከበቧት። "የየትኛው ጠበል ነው?" ይሏታል።

"ጠበሉንም ጠጥቻለሁ። ይኼ ግን ከገዛ ሆዴ የወጣ ነው! የማንም ሥጋ አልተለመነልኝም።"

ያን ሁሉ ዓመት ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስትጎትት የኖረች ሴት፣ ገበያ መሃል እግሯን ዘርግታ "ንኩት!" ትላለች። እኔም ሚዛኑን ትቼ፣ እጇን ለሰበሰበችው ሁሉ "ንኪው እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል!" እላለሁ።