ለኡሚ የጠበስኩት ዶሮ

ኡሚ ከእኛ ጎን ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይታ የገባችው እኔ ሳልወለድ ነው። ሀና ማርያም ባለው ጊቢያችን ውስጥ የእሷንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው፤ አንዳችን ሬዲዮ ከከፈትን ለሁለታችንም ይበቃል። ልጇ "ኡሚ" ሲላት እየሰማሁ ስላደግሁ እኔም ኡሚ አልኳት። ሌላ ስም እንዳላት ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እናቴ ከሥራ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ስለነበር ምሳዬን የምበላው ኡሚ ቤት ነበር። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ሁሉን ነገር እንካፈላለን፤ ሥጋ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን እርድ ነው የሚበላው። ኡሚ ለእኔ ብቻ የምታበስልባት ትንሽ ድስት ነበረቻት። አንዱ እጀታዋ ወልቆ በሽቦ ታስሯል። ያቺን ድስት ሥጋ ነክቷት አያውቅም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ አንዳንዴም እንቁላል ይሠራባታል። ረቡዕና ዓርብ እንቁላል ስለምን ራሷ ኡሚ ነበረች "ዛሬማ ጾም ነው፣ እናትሽ እንዳትቆጣን" የምትለኝ።

ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለክረምት እረፍት ስመለስ ኡሚ ዕቃ ስትሸክፍ አገኘኋት። ፉሪ ላይ ለብዙ ዓመታት ጥቂት በጥቂት ሲሠሩት የቆዩት ቤት ለመኖሪያ ደርሷል። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ መኪና መጥቶ ዕቃቸውን ሊጭን ነው። ይህን ሲነግሩኝ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ያበላችኝ ሴት እኔ ያበሰልኩትን ሥጋ አንድም ቀን አልቀመሰችም። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ከእጄ እንድትበላልኝ ፈለግሁ።

ምን እንደምሠራ አውቄው ነበር። ዶርም አብራኝ የምትኖር ልጅ የዶሮ ሥጋ ዘፍዝፎ አሳድሮ፣ በቀጫጭን ሹል እንጨት ሰክቶ በከሰል የሚጠብስ ሰው ቪዲዮ በስልኳ አሳይታኛለች። ከጎኑ ፍራፍሬም በእንጨት ሰክቶ ይጠብሳል። ወረቀት አውጥቼ ዝርዝር ጻፍኩ። ሁለት ዶሮ። ሁለት ቢላዋ። ሁለት መክተፊያ። ክዳን ያላቸው ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች። ሁለት የከሰል ምድጃ። ነገሩ እንዳይቀላቀል የማስበው ሁሉ ሁለት ሁለት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የእነሱን ዶሮ የኡሚ ልጅ "ቢስሚላህ" ብሎ አረደልኝ። የእኛን ደግሞ አባባ "በስመ አብ" ብለው አረዱልን። አባባ የምንላቸው የጊቢው ባለቤት ናቸው፤ ድሮ እዚሁ ቦታ ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ፣ አሁንም ከጓሮ ሁለት ላሞች ያሏቸው ሽማግሌ። ከደረቱና ከጭኑ ጠባብ ጠባብ ቁራጭ አወጣሁ። በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጥብስ ቅጠል፣ በትንሽ ማርና ሚጥሚጣ ዘፍዝፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። ክንፉን፣ አንገቱንና ጀርባውን ለሾርባ ይሆናል ብዬ የእነሱን በኡሚ ሳህን፣ የእኛን በእኛ ሳህን ለይቼ ከድኜ እዚያው አስቀመጥኩ።

እሑድ ጠዋት የመጨረሻው ጥንቃቄ መጣልኝ። ኡሚ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ጨርቅና ክር የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት፣ ልጇም እዚያ ነው የሚውለው። አረንጓዴና ቀይ ክር እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት። የእነሱ እንጨት ጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ የእኛ ላይ ቀይ አሰርኩ።

"ዩኒቨርሲቲ ጥልፍ ነው እንዴ የሚያስተምሩሽ?" አለኝ። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ ስለዚህ ዝም ብሎኝ አያውቅም።

"እንዳይቀላቀል ነው።"

"ለሥጋ ልብስ ስታለብሺ አሁን ገና አየሁ።"

መጀመሪያ ከሰሉ ንጹሕ እያለ ፍራፍሬውን ጠበስኩ፤ አናናስ፣ ማንጎና ያልበሰለ ጠንካራ ሙዝ። አባባ በርጩማቸውን አስጠግተው ይመለከታሉ።

"ሙዝ ይጠበሳል እንዴ ልጄ?"

"ይጠበሳል አባባ።"

"እሺ። ካላችሁ ይጠበስ።"

ፍሬውን ትሪ ላይ አድርጌ ከደንኩትና ዶሮውን ጣድኩ። የኡሚ ምድጃ በግራ፣ የእኛ በቀኝ። ሽታው ጊቢውን ሲሞላው ኡሚ ከበሯ ወጥታ በረጅሙ ስባ አሸተተችና ፈገግ አለች። እኔም በልቤ ተሳካልኝ አልኩ።

ሥጋው ሊደርስ ሲል ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ። ሁላችንም ተሯሯጥን። የኡሚ ልጅ ምድጃዎቹን እየጎተተ ወደ በረንዳው አስገባ። እኔ ሥጋው ውኃ እንዳይነካው ሁሉንም እንጨት ከሁለቱም ምድጃ አነሳሁና በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ አድርጌ ወደ ማብሰያ ቤታችን ሮጥኩ። ያኔ ምንም አልፈራሁም። ክር አለ ብዬ ነው።

መብራት አብርቼ ሳይ ክር የለም። እሳቱ እንጨቶቹን እስከ ጫፋቸው አጥቁሯቸዋል፤ የክሩ ቦታ ላይ የቀረው ቀልጦ የጠቆረ ነጥብ ብቻ ነው። ቀይም አረንጓዴም የለም። አንዱን አንስቼ አገላበጥኩ፣ ሌላውን አነሳሁ። ሁሉም አንድ ነው።

ከውጭ እናቴና ኡሚ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ለሰሚ የሚያሳፍር ቢሆንም ያደረግሁትን ልጻፍ። የእነሱን ትንሽ አድርጌ ነው የከተፍኩት መሰለኝ ብዬ፣ ትንንሹን በአንድ ሳህን፣ ትልልቁን በሌላ ሳህን አደረግሁ። ማንም አላየኝም። ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁና ትንንሹን ኡሚ ፊት አስቀመጥኩ።

ኡሚ እጇን ታጥባ ጨርሳለች። "እስቲ የልጄን ሙያ" አለችና፣ "ቢስሚላህ" ብላ አንዱን እንጨት አነሳች።

"ኡሚ፣ አትብዪው" አልኳት።

"ምነው? መርዝ ነው እንዴ?" አለ ልጇ፣ እሱም እጁን ዘርግቶ።

"ክሩ ተቃጥሏል። የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።"

ልጇ እጁን መለሰ። እናቴ "አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፤ ከቁጣ ይልቅ እሱ አሳፈረኝ። ኡሚ እንጨቱን ወደ ሳህኑ መልሳ አስቀመጠችው።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሳህን ላይ ሳደርገው።"

"ታዲያ ለምን አመጣሽልኝ?"

"ደስ እንዲልሽ" አልኩ።

ኡሚ እጇን እንደገና ታጠበችና እንደ ልማዷ በቀሚሴ ጠርዝ አደረቀችው። ትንሽ ልጅ ሳለሁም ፎጣ ስታጣ እንዲህ ታደርግ ነበር። "አፌ ሳይደርስ ነግረሽኛል" አለች። "በቃ።"

"ክሩ የእኛ ሱቅ ነው" አለ ልጇ። "እሳት የማይችል ክር ለደንበኛ ሸጠናል። ጥፋቱ የእኛ ነው።"

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ኡሚ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ዓይኔ ሁለቱ ሳህኖች ላይ ነው። አንድ ቀን ሙሉ የደከምኩበትን፣ ከሁለቱ ቤት አንድም ሰው ሊነካው አይችልም።

አባባ ከበርጩማቸው ተነሡ። "የእኔ ውሾች እርድ አይለዩም" አሉ። "እንጨቱን ብቻ አውጡላቸው፣ ጉሮሯቸውን እንዳይወጋቸው።"

ሥጋውን ከእንጨቱ እየነቀልኩ ሳለ ኡሚ ጠራችኝ። "ክንፉንና አንገቱን የት አደረግሽው?"

"ማቀዝቀዣ ውስጥ። ለሾርባ ያስቀመጥኩት ነው።"

"አብሮ ነው?"

"አይደለም። ለየብቻ ነው፣ እንደተከደነ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? አምጪው።"

እያለቀስኩ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁለቱን ሳህኖች አመጣሁ። ኡሚ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ምድጃዋ ስትሄድ "እኔ ልጥበሰው" አልኳት። ቆም ብላ አሰበችና ተመልሳ ተቀመጠች። በሌላ ቀን ቢሆን ከሷ እጅ መቆስቆሻ የሚቀበል የለም።

ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሼ በግራ ምድጃ የእነሱን፣ በቀኝ የእኛን ጣድኩ። በዚህኛው መቆንጠጫ ያኛውን አልነካሁም። እስኪደርስ ድረስ ፍራፍሬውን በሉ፤ እሱ የሁላችንም ነው። አባባ የተጠበሰ ሙዝ ቀምሰው ሁለተኛ እንጨት አነሱ። የኡሚ ልጅ አናናሱን ብቻውን ሊጨርሰው ሲል እናቴ ትሪውን ከፊቱ አራቀችው።

አንገቱን መጀመሪያ ለኡሚ ሰጠኋት። በእንጨት የተሰካ ያማረ ነገር አይደለም፤ ጠርዙ ያረረ፣ አጥንት የበዛበት ነው። ትግጠው ጀመር። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።

"ሚጥሚጣው በዝቷል" አለች በመጨረሻ።

"እሺ።"

"ክንፉ ደረሰ?"

ሁለቱንም ክንፍ በላች። አጥንቱን ሳህኗ ዳር ላይ በሥርዓት ደረደረችው።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናው መጣ። ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የሱቅ ጨርቅ የታጨቀባቸው ማዳበሪያዎች ተጫኑ። እኔ ካርቶን ሳቀብል በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር እጄ ገባ። በጋዜጣው ቀዳዳ ሽቦው ወጥቷል። ያቺ ድስት ነች።

"ይቺን እኮ ለእኛ የምትተዪልን መስሎኝ ነበር" አልኳት። "አሁን ምን ታደርግልሻለች?"

ኡሚ ከእጄ ተቀበለችኝ። "ፉሪ ስትመጪ በምን ላበስልልሽ ነው?" አለች። ከሌላው ዕቃ ጋር ከኋላ አልጫነቻትም። ከሹፌሩ ጎን ስትቀመጥ ጭኗ ላይ አድርጋት ሄደች።