በሰው ኮርቻ ስምንት ወር

አዲሱ ክለብ የገባሁ ዕለት ብስክሌት ሲሰጡኝ ልስመው ምንም አልቀረኝም። አሶሳ ላይ በኪራይ ብስክሌት ያደግኩ ልጅ፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ብስክሌት! ከእኔ በፊት ትነዳው የነበረችው ልጅ ክለቡን ለቃ ነበር። ስወጣበት ኮርቻው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊመታ ሲቃረብ ታወቀኝ። መካኒኩ “ነይ ልለካሽና ላስተካክልልሽ” ቢለኝ “ኧረ ምንም አይል፣ ልክ ነው!” አልኩት። አሰልጣኙም “ተመቸሽ?” ሲሉኝ “በጣም!” አልኩ። ውሸታም! ግን ምን ልበል? በመጀመሪያ ቀን እንከን ማውጣት፣ እንግዳ ሆኜ የቀረበልኝን ወጥ ጨው ጎደለው እንደማለት መሰለኝ።

በሦስተኛው ወር ጉልበቴ ከፊት ለፊቱ ይወጋኝ ጀመር። ዋጥ አደረግሁት። በስምንተኛው ወር በአንድ ውድድር ዳገት ላይ ወርጄ ብስክሌቴን ስገፋ አሰልጣኙ ከመኪና ሆነው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ውድድሩ ሲያበቃ ጠሩኝና ጉልበቴን እንደሚያመኝ ሲሰሙ “አገርሽ ግቢ። ሦስት ሳምንት ብስክሌት እንዳትነኪ። ስትመለሺ ዳገት ላይ እፈትንሻለሁ፤ ጉልበትሽ ካልቻለ ክለቡ ቦታሽን ለሌላ ይሰጣል” አሉኝ።

ብስክሌቱን አውቶብስ ጣሪያ ላይ አሳስሬ አሶሳ ገባሁ። አባቴ ከወሎ ከመጣ ስንት ዘመኑ ነው፣ አንደበቱ ግን ዛሬም የወሎ ነው። ሳነክስ አይቶ “አብሽሪ የኔ ልጅ” አለኝና ሌላ አልጠየቀም። ጎረቤት ግን መች ይምራል! “አባረሩሽ እንዴ?” ይሉኛል። “ዕረፍት ነው!” ብዬ እጮሃለሁ። የምጮኸው እኔም ስላላመንኩት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ስነጫነጭ ወላሂ ራሴን ራሴ ሰለቸሁት።

ሦስቱ ሳምንት ያለቀ ዕለት ጠዋት ብስክሌቱን አውጥቼ በቀጥታ ወደ አከራዩ ነዳሁ። ገበያው አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር ብስክሌት የሚያከራዩና የሚጠግኑ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛን ከገበያ ነው የተማሩት፤ ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” ይላሉ፤ እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ። ያየኋቸው ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ነው፤ እሳቸው ግን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ እጃቸውን ዘረጉ።

“ቁም! ውረድ! ይሄ ብስክሌት የማን ነው?”

“የኔ ነዋ፣ አባባ።”

“የአንተ አይደለም። የአጭር ሰው ነው።”

ክርክር የለም። የኮርቻውን ጫፍ ብብቴ ሥር አስገቡና ክንዴን ወደ ታች አዘረጉኝ። የጣቴ ጫፍ ፔዳሉ የሚዞርበት እምብርት ላይ ማረፍ ነበረበት፤ አራት ጣት ያህል አልፎ ወረደ። ይህን ልኬታቸውን አሶሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ለአሥር ደቂቃ የሚከራየውንም ሰው ሳይለኩ አይለቁም። ወረፋው ቢረዝም፣ ሰው ቢያጉረመርም፣ ሌላ አከራይ ጋ እሄዳለሁ ቢል፣ “ሂድ” ይላሉ እንጂ ልኬት አይዘሉም። እኛ ያኔ ነገር ማብዛት ይመስለን ነበር።

ብስክሌቱን ገልብጠው አዩት። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ከዚያ መቀመጫውን የተሸከመውን ዘንግ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

“ይሄ ብረት አይደለም። እኔ አያውቅም። የቱ ቁልፍ ነው? ምን ያህል ነው የሚጠብቀው?”

አጃኢብ! የከተማው ብስክሌተኛ ሁሉ እጃቸውን የሚጠብቅ ሰው፣ ደንበኞቻቸው ተሰልፈው እያዩ፣ አላውቅም ብለው ጠየቁኝ። ቅር እንኳ አላላቸውም። እኔ በስምንት ወር ‘አልተመቸኝም’ የምትል ቃል ከአፌ ሳላወጣ፣ እሳቸው ‘አላውቅም’ን እንደ ዋዛ ተናገሯት። በልጅነቴ የማደንቀው እጃቸውን ነበር፤ ያን ቀን አፋቸውን አደነቅሁ። ቁልፉን አሳየኋቸው፣ ከፍ አደረጉት፣ ደግመው ለኩኝ።

ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳገት ፈልጌ ወጣሁ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ወገቡ ላይ ስደርስ ይወጋኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልወጋኝም። ሁለተኛ ወጣሁት፤ አሁንም ምንም የለም። ሜዳ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ተመልሼ ሳመሰግናቸው፣ ነገሩን ከነውሸቴ ነገርኳቸው። “አለቃ ያውቃል?” አሉኝ።

“ምን ያደርግላቸዋል? ዳገቱን ከወጣሁ አረፍኩ፣ ተሻለኝ እላለኋ!”

“እሱ በሽታ ነው ብሎ ያስባል። ንገር።”

ለሳቸው ቀላል ነው! ስምንት ወር የዋሸችን ልጅ ማን ክለብ ውስጥ ያስቀምጣል? በገዛ አፌ ቦታዬን ላጣው ነው። ቢሆንም እሳቸው ፊት ቆሜ አልችልም ማለት አቃተኝ። እዚያው ማንጎው ሥር ደወልኩ።

ኮርቻው የኔ ልክ እንዳልነበረ፣ ከመጀመሪያው ቀን እንዳወቅሁት፣ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ።

“ፈተናው አይቀርልሽም። እንደመጣሽ መጀመሪያ ትለኪያለሽ” አሉ አሰልጣኙ።

“እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ልምምድ አብዝቼብሽ ጉልበትሽን የጨረስኩት እኔ መስሎኝ ነበር እኮ። ሴቶቹን ሌላ ሰው ያሰልጥናቸው፣ እኔ ልልቀቅ ብዬ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ነገ ላስገባው ነበር።”

ለራሴ ቦታ ስንቀጠቀጥ፣ ለካ የሳቸውን ቦታ ነው ልነጥቃቸው የነበረው። በሕይወቴ አለቃ አዝዤ አላውቅም።

“ይቅደዱት!” ብዬ ጮህኩባቸው። “አሁኑኑ ይቅደዱት፣ እየሰማሁ!”