ከመደቤ ለውሻው የቆረጥኩት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለን ብዙ አይደለንም። አንዱ እኔ ነኝ፤ በመካነ ሰላም ዳር ገብስ ዘሪና በግ አርቢ፣ ፊደል በራሴ ጊዜ የቆጠርኩ፣ ቤቴ ውስጥ ዋዛ የማልወድ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ለእንግዳ ስትል የራሷን ምግብ የምትተው ሴት። ሦስተኛዋ ሴት ልጃችን ናት፤ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አራተኛው አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ፣ የሰፈራችን ቅርጫ ሰብሳቢ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፣ በአንደበት ከሁላችንም ይበልጣል። ውሻውን አምስተኛ ብዬ ብቆጥረው ሰዎች እንደገና ይቆጡኛል። እቆጥረዋለሁ።

ውሻ የምስም ሰው አይደለሁም። የእኔ ውሻ ውጭ ያድራል፣ ደጃፉን አልፎ አይገባም። ሥራው በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ መጠበቅ ነው፤ ሥራውንም ይሠራል። የሚሠራ ሁሉ በበዓል ቀን የሚገባውን ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን ከማንም አልተማርኩትም፤ ማንም እንዲያስጥለኝም አልፈቅድም።

ነገሩ የተነሣው ከጠባችን አንድ ዓመት በፊት በነበረው ፋሲካ ነው። በሁዳዴ እኛ ስንጾም ውሾቻችንም አብረውን ይጾማሉ። ወደው አይደለም፤ ከቤት የሚወጣላቸው ደረቅ እንጀራ ብቻ ስለሆነ ነው። ጾሙ ሊፈታ ሲል ጎድናቸው ይቆጠራል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሰው ደስ ሲለው ደስታውን ለውሻውም ያካፍላል፤ የዶሮ አጥንት፣ ሽንኩርትና በርበሬ የጠጣ የወጥ ትራፊ፣ ጮማ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ባዶ ሆድ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ የሰፈሩ ውሾች ጥግ ጥግ ይዘው ያስመልሳሉ። እኛም "በዓል በዝቶባቸው ነው" ብለን እንስቃለን።

የቀድሞው ውሻችን ግን አልተነሣም። የዶሮውን አጥንት የሰጠችው ልጄ ነበረች፤ ከራሷ ሳህን ለይታ፣ በፍቅር። ሲያቃስት ሰንብቶ ሞተ። ለክትባት የመጣውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠየቅኩት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት እንደሚወጋ፣ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም እንደሚመርዝ ነገረኝ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ሰምታ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ቡችላ አመጣሁ። ቡችላው አደገ፣ እሷ ግን በእጇ አንድ ነገር አጉርሳው አታውቅም። ደረቅ እንጀራ ከሩቅ ትጥልለትና ዞራ ትሄዳለች።

"አይዞሽ፣ ይህ አይገድለውም" አልኳት አንድ ቀን።

"ያኛውንም አይገድለውም ብዬ ነው የሰጠሁት፣ አባ" አለችኝ።

ልጅ ማባበል አልችልበትም። ስለዚህ ለሚመጣው ፋሲካ ውሻውን የማይጎዳ የበዓል ምግብ በእጇ እንድትሠራና በእጇ እንድታበላው ቆረጥኩ። ያን ሁሉ ያደረግኩት ለውሻው ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ልጄ ደግነቷን እንደ ወንጀል እየቆጠረች እንድታድግ አልፈለግኩም።

ባለቤቴ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው "በእኔ ድስት አይሆንም" ነው።

"በሌላ ድስት ነው።"

"በእኔ ምድጃስ?"

"እሳት ይረክሳል እንዴ?"

"እሳቱ ምን ይሆናል! ስሜ ነው እንጂ። ለውሻ ወጥ ሠራች ተብሎ ሰው እጄን ሲጸየፍ ታያለህ።"

አላጋነነችም። በእኛ አገር ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰው መልሶ አይበላበትም። ገበያ ወርጄ ትንሽ ድስት ገዛሁ። ዕቃ ነጋዴው የቆየ ወዳጄ ነው፣ ሙስሊም ነው፤ ለምን እንደምገዛው ስነግረው የሰጠኝን ድስት መልሶ ያዘው።

"ለውሻ? ወላሂ፣ ልትድረው ነው እንዴ?"

"ለፋሲካ ነው።"

"እሱም ጾሟላ!"

"ከብዙ ክርስቲያን የተሻለ ጾሟል።"

ሳቀና ድስቱን ለቀቀልኝ። "በግ የሚጠብቅ ከሆነ ሐቁን ስጠው" ብሎ ዋጋም ቀነሰልኝ።

የፋሲካ ማለዳ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። አሥር አባወራ ሆነን አንድ በሬ በዘጠና ሺህ ብር ገዝተናል። ሥጋው በቅጠል ላይ አሥር መደብ ሆኖ ይደረደራል፣ ዕጣ ይወጣል፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ይዞ ይሄዳል። አባቴም በዚሁ ቅርጫ ውስጥ ነበር።

ሳንባውን በእኛ ሰፈር የሚበላው የለም፤ ለውሾች ይወረወራል። እኔ አስቀድሜ ጠይቄ እንዲሰጡኝ ተስማምተን ነበር። ሲወጣ ግን ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ተጣብቀውበታል። ባለሙያው እንዲህ ያለውን ለውሻ አትስጥ፣ በሽታው ከውሻው ወደ ልጆችህ ይዞራል ብሎኛል። አካፋ ይዤ እዚያው ቀበርኩት። ዙሪያውን የተቀመጡት ውሾች ተንጫጩ። ባለቤቶቻቸውም ተንጫጩ።

"የውሾቹን ድርሻ ቀበርከው እኮ!" አለ ሰብሳቢው።

"በሽታ አለበት፣ ጋሼ።"

"አባቶቻችን ስንት ዘመን ሲወረውሩ ኖሩ። የትኛው ውሻ ሐኪም ቤት ሲሄድ አየህ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ዕጣ ወጣ፣ መደቤም ደረሰኝ። ቢላዬን አውጥቼ ከቀዩ ሥጋ አንድ እጅ የሚሞላ ቆረጥኩና ለብቻው በፌስታል አደረግኩት።

"እሱስ ለማን ነው?"

"ለውሻው።"

ቢላ ይስል የነበረው ሰው እንኳ እጁን አቆመ።

"በሥላሴ ስም የታረደ ሥጋ ለውሻ?" አለ ሰብሳቢው።

"አጥንቱስ በማን ስም ታረደ? ማታ ለውሻዎ አይወረውሩለትም?"

"አጥንት ትራፊ ነው! ይህ መደብ ነው!"

"መደቤ ነው። ከፍዬበታለሁ።"

"የከፈልከው ከሰው ጋር ለመብላት ነው። ጎረቤት አብላበት፣ ድሃ አብላበት!"

"እነሱንም አበላለሁ። የሚሠራልኝንም አበላለሁ።"

"ወላሂ" አለ፤ ክርስቲያን ነው፣ በእኛ አገር ይህን መሐላ ግን ሁላችንም እንምላለን። "ወላሂ፣ ዛሬ ከውሻ ጋር ዕጣ ተጣጣልን! ቀጥሎ ለእድርም ይመዝገብ!"

እንደገና ሳቁ። ቤቴ ገብቼ ተደብቄ መቁረጥ እችል ነበር። ባለቤቴም እስከ ዛሬ የምትወቅሰኝ በዚህ ነው። ነገር ግን ትክክል ነው ብዬ የማምነውን ተደብቄ ባደርገው ለልጄ ምን አስተምራታለሁ? ፌስታሉን እያዩት አንጠልጥዬ በመካከላቸው አለፍኩ።

ቤት ስደርስ ልጄ አዲሱን ድስት ጥዳ ትጠብቀኝ ነበር። ሥጋውን ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ቅቤ ቀቀልነው። በደቃቁ ከተፈችው። የተቀቀለ ካሮት ጨፈለቀችበት፣ አንድ እንቁላል ሰበረችበት፣ የገብስ ዱቄት እየነሰነሰች ከሥጋው ውኃ ጋር አሸችው። ሊጡን በጣሳ አፍ እየቆረጠች ክብ ክብ አደረገችው። ቀጥላ በጣቷ መስቀል ልታደርግበት ስትል እጇን ያዝኩ።

"ይህ አይደረግም።"

"የበዓል ዳቦ ላይ እኮ ይደረጋል፣ አባ።"

"እሱ ለሰው ነው። ወሰን አለው።"

ከንፈሯን አጣመመች፤ በመስቀሉ ፈንታ ነጠብጣብ ወጋችበት። በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርገን፣ እስኪደርቅ ጋገርነው። ሲበርድ አንዱን ቀመስኩት። እኔ ያልቀመስኩትን ለሚሠራልኝ አልሰጥም። ጣዕሙ የበሽተኛ ምግብ ነው፣ ግን ይበላል።

ውሻው በረቱ በር ላይ ነበር። ልጄ አንዱን ይዛ ቀረበችና ቆመች።

"አባ፣ አይሞትም አይደል?"

"አይሞትም።"

"ቢሞትስ?"

"ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ስጪው።"

እጇን ዘረጋች። ውሻው ቀስ ብሎ በከንፈሩ ወሰደላት፣ ሰባብሮ ዋጠው፣ መዳፏን ላሰ። እጇን አልሰበሰበችም። ሁለተኛውን ሳላዛት ሰጠችው። ሌላውን ሸሸገችው፤ "በአንዴ አይበዛበትም፣ ለነገ" አለች። እኔ ወሬ ላለማብዛት ወደ በጎቹ ዞርኩ።

ከዚያ እንግዳ ጠበቅን። በፋሲካ ጎረቤት በየቤቱ እየዞረ ይቀምሳል፤ ባለቤቴም ለዚህ ስትል ስንት ቀን ስታሰናዳ ነበር። ያን ቀን በራችንን የረገጠ የለም። ከየአጥሩ ሳቅ ይሰማል።

"ሰማህ? ሰው ሁሉ አለ። ወደኛ ቤት ብቻ ነው መንገድ የጠፋቸው" አለች።

"ነገ ይመጣሉ።"

"አይመጡም። አንተም ሄደህ አትጠራቸውም፣ አውቅሃለሁ።"

"አልጠራቸውም።"

ትሪ አዘጋጅታ፣ ከድና፣ ወደ ሰብሳቢው ቤት ይዛ ሄደች። ትሪው እንደተከደነ ይዛው ተመለሰች። ጠግበናል አሏት። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። ድስቱን ለይተናል፣ ቢላውን ለይተናል፣ እሷ የውሻውን ምግብ በጣቷ አልነካችም። ይህን ደጅ ለደጅ እየዞርኩ ላስረዳ? የሃያ ዓመት እጇን የሚያውቁ ሰዎች እኮ ናቸው። አላስረዳሁም።

በማግስቱ ሰብሳቢው በአጥሩ ላይ ጠራኝ። የእሱ ውሻ ግቢውን እየዞረ ይሮጣል።

"ና እየው! ትናንት የዶሮ አጥንት በልቶ ሲሮጥ!"

"እግዜር ይጠብቀው፣ ጋሼ።"

"ያንተስ ባለ ዳቦው? ሐኪም አየው?"

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ የእሱ ውሻ ምንም አልሆነም። አጥንት የበላ ሁሉ አይሞትም። እኔ ግን አንዱን በእጄ ቀብሬያለሁ፣ የልጄንም ፊት አይቻለሁ፤ ለእኔ ያ ይበቃል።

ለእንቁጣጣሽ ቅርጫው ሳይጠራኝ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ሰው ልኮብኝ ነበር፤ መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ከመደብ ላይም ለውሻ እንዳልቆርጥ ቃል ልግባ ይላል።

"ሂድ በለው፤ አንድ ቃል ምን ይጎዳሃል?" አለች ባለቤቴ።

"ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ማለት ይጎዳኛል።"

ከበጎቼ አንዱን አረድኩ። ልጄ ሳትጠይቀኝ ትንሹን ድስት አውጥታ ጣደች፤ ውሻውንም በእጇ አበላች። ጎረቤቶቻችን ያን ቀንም አልመጡም።

ሒሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። እነሱ በዚያው ዋጋ ያገኙትን በሬ ለዘጠኝ ስለገዙ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ብር ጨምረዋል፤ ሥጋውም ጨምሮልናል ይላሉ፣ ይሁንላቸው። እኔ በአሥራ አንድ ሺህ ብር ሊሸጥ የደረሰ በግ አርጃለሁ፤ የቅርጫዬ ዘጠኝ ሺህ በእጄ ስለቀረ ጉዳቴ ሁለት ሺህ ነው። ድስቱ ሰባት መቶ። ባለቤቴ የአንድ ፋሲካና የአንድ እንቁጣጣሽ እንግዳ አጥታለች፤ ይህን ስንት ልበለው ብዬ ብጠይቃት ትሪዋን አንሥታ ወጣች፣ ስለዚህ አልደመርኩትም። የቀረው ለሁላችን አንድ ላይ አሥራ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር ነው።