ጀማል የቀባው ጄት

ዛሬም በጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የቲነር ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ሌላው ሰው ፊቱን አጨማዶ ሲያልፍ፣ እኔ ቆም ብዬ ከኋላዬ ማን እየመጣ እንደሆነ ዞሬ አያለሁ። ይህ ሽታ በልጅነቴ የቤታችን ምስጢር ነበር። ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ታላቅ ወንድሜ ጀማል ተደብቆ ትንንሽ የፕላስቲክ ጄቶችን እውነተኛ ብረት እስኪመስሉ ድረስ ይቀባ ነበር።

አባታችን በሕይወት ሳለ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የአውሮፕላን አካል የሚጠግን ቴክኒሻን ነበርና፣ ለሥልጠና ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ ለጀማል ተገጣጣሚ ጄት ይዞለት ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ሥራ ቦታው ወስዶ ቀለሙ የተገፈፈ አውሮፕላን በቅርብ አሳየው። ከዚያ ወዲያ ጀማል እንደ ሌላው ልጅ የብር ቀለም ለቅልቆ መተው አይሆንለትም ነበር። «እንዲህ የሚያብለጨልጭ ድስት ነው እንጂ ጄት አይደለም» ይል ነበር።

የአፈሳው ወሬ የበረታው እሱ ትምህርት በጨረሰበት ክረምት ነው። የልብ ጓደኛው ኳስ ሲጫወት ከነማሊያው በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ውትድርና ተወሰደ። የልጁ እናት እያለቀሰች በሱቃችን መስኮት ስታልፍ፣ እማዬ የምትመዝነውን በርበሬ እዚያው ትታ ወደ ውስጥ ገባችና ጀማልን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ጅማ ነህ፤ አጎትህ ዘንድ» አለችው።

ለጎረቤቱ ሁሉ ጀማል ጅማ ሄደ ተባለ። እሱ ግን ከጓዳው ቀጥላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተዘግቶ ይውል ነበር፣ የውጭ ሰው ወደ ቤት ሲዘልቅም ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቶ፣ የኮርኒሱን አንድ ችፑድ ገፋ አድርጎ፣ ጣሪያው ሥር ተጋድሞ ይቆይ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳምንታት ሲያልፉ ምግብ መብላት ቀነሰ፣ ከእኔ ጋር መቀለድም ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «እማ፣ እዚህ ከምበሰብስ ልውጣና የሆነው ይሁን» አላት።

እማዬ ከአልጋዋ ሥር የአባታችንን የብረት ሳጥን ጎትታ አወጣችና፣ ገና ያልተገጣጠመ ተዋጊ ጄት፣ ብሩሾችና የቀለም ጣሳዎች ፊቱ ደረደረችለት።

«ይኸው፣ ይሄን ሥራ። ስትጨርስ አፍርሰህ እንደገና ሥራ» አለችው።

ቀለሙ ጀማልን አዳነው፤ ሽታው ግን ሊያስይዘው ነበር። አንዲት ደንበኛ በሱቁ መስኮት አንገቷን አስግጋ «ዘሃራ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» ስትል፣ እማዬ ሳትደናገጥ «የግቢውን በር ላስቀባ ብዬ ነው፤ መስከረም ደረሰ አይደል» አለቻት። እውነትም ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ራሷ ሻሽዋን ጠበቅ አድርጋ፣ ብሩሽ ይዛ በሩን ቀባች። ከዚያ ወዲያ ጀማል ጣሳ በከፈተ ቁጥር እማዬ አንድ ነገር ትቀባ ነበር፤ በሩ ሲያልቅ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ ፍርግርጉ ሲያልቅ የሱቁን መደርደሪያ፣ ከዚያ ተመልሳ በሩን። ጎረቤቶቻችን ባሏ ከሞተ ወዲህ ጤና የላትም እያሉ ያሟት ነበር፣ እሷም ትሰማ ነበር፣ መቀባቷን ግን አልተወችም።

በጋው ሲገባ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀማል አጠገብ ተቀምጬ እሠራ ነበር። መጀመሪያ ጄቱን በሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ ሲደርቅ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ በላዩ ላይ የብር ቀለሙን በጣም አቅጥኖ ያሳልፍበታል፤ ጥቁሩ ከሥር ሆኖ ለብሩ ጥልቀት ይሰጠዋል። ከዚያ የብረት ንጣፍ የሚመስለውን አንዱን የአካሉን ክፍል ከሌላው በፕላስተር ከልሎ፣ የእርሳስ ዱቄት በአሮጌ ስቶኪንግ እየነካ አንዱን ደብዘዝ፣ ሌላውን ፈካ ያደርገዋል። እሳት የሚወጣበት ጭራው አካባቢ ቡናማና ሰማያዊ ጠብ አድርጎ የተቃጠለ ያስመስለዋል። ማሸቱን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። የብር ቀለሙን ብሩሽ ግን አያስነካኝም ነበር። «አንዴ ካለፍሽበት አትመለሺበትም፤ ከተመለስሽበት ይጨማደዳል» ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ የግቢው በር በኃይል ተንኳኳ። እማዬ ከሱቁ ወጥታ እስክትከፍት ጀማል የያዘውን ብሩሽ ጥሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጣ፣ ችፑዱም ከላይ ተከደነ። የቀበሌው ሹም ጓድ ክፍሌ ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ። ጠባቂዎቹ ግቢውንና ማድ ቤቱን ሲያገላብጡ፣ እሱ ቀጥ ብሎ እኔ ወዳለሁባት ክፍል መጣ። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ ብር፣ ግማሹ ገና ጥቁር የሆነ ተዋጊ ጄት ተቀምጧል፤ የቀለሙም ጣሳ ተከፍቷል።

«ይሄን የሚሠራው ማነው?» አለ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ አፏን ከመክፈቷ በፊት «እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ?»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ ቀጥዪ፣ ልየው።»

ጀማል የጣለውን ብሩሽ አነሳሁ። ጫፉን በጣሳው ከንፈር ጠረግሁና በጥቁሩ ክንፍ ላይ አሳለፍሁት። ክርኔን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቄ ነበር። ከላይ አንድ ነገር ቢንኮሻኮሽ የሁላችን ነገር ማለቁን አውቅ ስለነበር፣ የራሴ ትንፋሽ እንኳን ጮክ ብሎ ይሰማኝ ነበር።

«ይሄ ለምን ጠቆረ? እንደዚያኛው አታበሪውም?» አለ ጭራውን እያሳየ።

«እሳቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ብረት ሲቃጠል ይጠቁራል» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጭራውን በቅርብ ማየት ጀመረ። በዚህ መሀል ከኮርኒሱ ትንሽ አቧራ ተንኖ እርጥቡ ክንፍ ላይ አረፈ። ጓድ ክፍሌ አቧራውን አየ፣ ቀስ ብሎም ቀና አለ። እኔም ቀና ስል ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ችፑዱ ጠርዝ ላይ፣ ገና ያልደረቀ፣ የብር ቀለም የጣት አሻራ ነበር። የእኔን ጣት ሁለት ያክላል።

እማዬም አየችው። 

«የእኔ ዳንኤል ደግሞ ሰዓት ነበር የሚፈታው» አለ ጓድ ክፍሌ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የግድግዳ፣ የእጅ፣ ያገኘውን ሁሉ። ግንባር ከሄደ ወዲህ ወሬውም የለም።»

ከግቢው አንደኛው ጠባቂ «ጓድ፣ እዚያስ ምን ተገኘ?» ብሎ ተጣራ።

«ምንም የለም። ልጅቷ መጫወቻዋን እየቀባች ነው። እንሂድ!» አለና ተነሣ። በእማዬ አጠገብ ሲያልፍ ለአፍታ ቆም ብሎ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ «ወይዘሮ ዘሃራ፣ ያንን ይጥረጉት። ነገ ሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል» አላት።

የግቢው በር ሲዘጋ እማዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጀማል ወርዶ፣ ጸጉሩ የሸረሪት ድር እንደለበሰ፣ ጄቱን አንሥቶ ክንፉን ወደ ብርሃን አዘነበለው። «ተመልሰሽበታል» አለኝ፤ ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ ለቅሶ ሆነበት፣ እኔንም ጎትቶ ደረቱ ላይ ለጠፈኝ።

ግንቦት ላይ መንግሥቱ ወድቆ የከተማው ተኩስ ጋብ ሲል ጀማል ወደ ደጅ ወጣ። ፊቱ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌ ሹማምንት ተሰብስበው መታሰራቸውን፣ ጓድ ክፍሌም ከነሱ ጋር መሆኑን ሰማን። እማዬ በነጋታው ምሳ ቋጠረች። «እኔ ነኝ የምወስድለት» አለ ጀማል።

ሲመለስ ስለ አሻራውም ሆነ ስለ ኮርኒሱ እንዳልተነጋገሩ ነገረን። ሰውየው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከግንባር ከሚመለሱት ልጆች ውስጥ ዳንኤል የሚባል አላየህም?» ጀማል ያን ክረምት ሙሉ፣ በባዶ እግራቸው ከሰሜን ወደ ከተማው የሚጎርፉትን ወታደሮች እያስቆመ ዳንኤልን ሲጠይቅ ከረመ። አላገኘውም። ጓድ ክፍሌ ከእስር ሲፈታ ይህንን የነገረው ጀማል ራሱ ነው። ሁለቱ ጓድ ክፍሌ እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ ይጠያየቁ ነበር።

አሁን የእኔ ትልቁ ልጅ ያኔ ጀማል በነበረበት ዕድሜ ላይ ነው። ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ማሚ፣ ወጣሁ» ይለኛል፣ እኔም ከሥራዬ ቀና ሳልል «እሺ» እለዋለሁ። እሱ የተናገረው ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እንደሚናገረው እንደ ሌላው ቃል ነው። በእናቴ ቤት ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጀማል እየሰማ ማንም ደፍሮ ያላለው ቃል ይህ «ወጣሁ» ነበር።