የአጎቴ ተሰማ ቀለሆች

ልጆቹ «እማማ፣ ይንገሩን እንጂ» እያሉ ስለያዙኝ ነው እንጂ፣ ይህን ነገር እኔ ራሴ የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ባለፈው መኸር እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ፣ የልጅ ልጄ ሳሮን ቤት ሰንብቼ ሳለሁ፣ ከጋራዡ ቅጭል ቅጭል የሚል የናስ ድምፅ መጣና እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሳሮን አጋዘን የምታድን ልጅ ናት፤ «ስመ ሥላሴ ያልተጠራበትን አልበላም» እያልኩ ሥጋዋን ባልቀምስላትም አልተወችውም። አሁን ደግሞ የተኮሰችውን ቀለህ ለቅማ እንደገና መሙላት መማር ጀምራ፣ ባዶዎቹን የሚያንቀጠቅጥ ማሽን ውስጥ ጨምራ ታጸዳለች። እኔ ያንን ድምፅ የማውቀው ከቅል ውስጥ ነበር።

በእኛ ቤት ክረምት ገብቶ ዝናቡ ከደጅ ሲያስቀረን፣ አባቴ የዓመቱን ቀለህ፣ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውን የናስ ቤት ማለቴ ነው፣ አውጥቶ ይዘረግፍልን ነበር። እናቴ በአመድና በሎሚ አጥባ፣ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቅል ውስጥ ትጨምርልኝና፣ እኔ ታቅፌ ስነቀንቀው ጥቀርሻው ለቅቆ እንደ ቀለበት ያበራ ነበር። አባቴ ባሩዱንና እርሳሱን ለብቻው ሆኖ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ማንም አያናግረውም። ቀለሁ ግን አሮጌ ነውና አፉ እየተሰነጠቀ በየዓመቱ ቁጥሩ ያንስ ነበር። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ተሰማ፣ ከወንዙ ማዶ ሆኖ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሁለቱም ውጅግራ የሚባል፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ነበራቸው፣ ሁለቱንም ያወረሷቸው አያቴ ናቸው፣ ሰውም መንታ ጠመንጃ ይላቸው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሁለቱ በድንበር ተጣሉ። አንዲት ግራር ናት፣ ከእኔ ወገን ናት፣ ከእኔ ወገን ናት እየተባለች። አጨዳው እስኪያልቅ አልተነጋገሩም፤ እኔና የአጎቴ ልጅ የሺ እንኳ ውኃ ስንቀዳ አንዳችን በላይ አንዳችን በታች ቆመን፣ በዓይን ብቻ ነበር የምንሳሳቀው።

ጥር ሲብት ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። አጎቴ የአባቴን ጉልበት ስሞ ተነሣና፣ «ጋሼ፣ ቀለህ እንዳለቀብህ ሰምቻለሁ» ብሎ ራሱ የሞላውን ጥይት በዝናር አድርጎ ትከሻው ላይ አኖረለት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ቤት ስንገባ «እስቲ አንዱን ከተት አድርገህ እየው» ብትለው፣ «የወንድሜን እርቅ እፈትነዋለሁ እንዴ!» ብሎ ተቆጣት። ተሳስታለች አይባልም፤ ግን በእርቅ የተሰጠን ነገር መፈተን በእኛ ዘንድ ነውር ነበር።

መጋቢት ላይ ሣሩ ደርቆ ከብቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ በጠራራ ፀሐይ ነብር ጊደራችን ላይ ወጣ። ለመውለድ የተቃረበች፣ እናቴ «ይቺ ስትወልድ ልጆቼ ወተት ይጠግባሉ» እያለች በእጇ የምታበላት ጊደር ነበረች። አባቴ ሮጦ ደርሶ አንዱን ጥይት አጎረሰና መዝጊያውን ገፋው፤ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። አውጥቶ ሌላ አጎረሰ፤ ያም ቆመ። በመዳፉ እየመታ፣ በደረቱ እየተደገፈ ገፋው፣ እጁ ደማ፣ ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቱ በድንጋይና በጩኸት ነብሩን ቢያባርረውም ጊደሯ አልቃ ነበር። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የማደርገው ምንም አልነበረኝም።

አባቴ ዝናሩን እንደያዘ ወንዙን ተሻገረ፣ እኛም ተከተልነው። አጎቴ ደጃፍ ላይ ወርውሮት፣

«ሽማግሌ ፊት ጉልበቴን ስመህ በባዶ ጠመንጃ ወደ ነብር ትሰደኛለህ?» አለው።

አጎቴ ግራ ተጋብቶ ከመሬት አንዱን አነሣ፣ በገዛ ጠመንጃው አጎረሰ፣ ቅቤ እንደተቀባ ሸተት ብሎ ገባ፣ ወደ ሰማይ ተኮሰው።

«ይኸው! ምን ጎደለው? እጅህ ተንቀጥቅጦ ነው ጋሼ» ብሎ ሳቀ፤ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል።

አባቴ ፊቱ አመድ ሆነ። «በአንተ ሲሆን እሺ፣ በእኔ ሲሆን እምቢ! ታዲያ መተት ካልሆነ ምንድን ነው?»

አለቀ። ንጹሕ መሆኑን ያሳየበት ተኩስ ራሱ መሰከረበት። ሽማግሌ ቢመላለስ፣ የንስሐ አባት ቢለምኑ፣ አባቴ «ሌላውን ሁሉ ይቅር እላለሁ፣ ያስደገመብኝን ግን አልችልም» ይል ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ቅሉን ማንም አልነቀነቀውም። አባቴ ሲሞት አጎቴ ለቀብር መጥቶ፣ ቀረብ የሚለው አጥቶ ከሰው ሁሉ ርቆ ብቻውን ሲያለቅስ ዋለ። እሱም ብዙ አልቆየም።

ዘመን አልፎ አሜሪካ ስንመጣ፣ እኔ ከልጄ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጥኩ፤ የሺም በልጆቿ መጥታ ስፕሪንግፊልድ ገባች። ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፣ «እንደምን ዋልሽ» እንባባላለን፣ አንዳችን አንዳችን ቤት ግን ገብተን አናውቅም። በዚህ ሁሉ ዓመት አባቶቻችን መካከላችን ቆመው ነበር።

እና ሳሮን ጋራዥ ውስጥ ይህን ሁሉ ስነግራት፣ ልጅቷ ማሽኑን አጥፍታ አፍጥጣ አየችኝ።

«እማማ፣ መተት አይደለም እኮ! ሲተኮስ ናሱ ያብጣል፣ ጥይቱ የሚያድርበትን የጠመንጃውን ጉሮሮ ግድግዳ እስኪነካ። ከዚያ ትንሽ ሰብሰብ ይላል፣ ወደ ድሮው ግን አይመለስም። የተተኮሰበትን ጠመንጃ ልክ ይይዛል።»

«መንታ ጠመንጃዎች ነበሩ እኮ፣ ልጄ።»

«ቢሆኑም! አንዱ ፀጉር ታህል ይሰፋል። የሰፊው ቀለህ ጠባቡ ውስጥ አይገባም፣ በማሽን ተጨምቆ ሪሳይዝ ካልተደረገ። እኔ ራሴ የተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ላይ አንድ ሰው ቀለህ ሰጥቶኝ፣ ሳልሞክር ሞልቼው ሁሉም ጠመንጃዬ ውስጥ ስታክ አደረገብኝ። አሁን ሳልሞላው በፊት ባዶውን በራሴ ጠመንጃ ነው የምሞክረው። እምቢ ካለ መግፋት የለም።»

የአጎቴ ጠመንጃ ጉሮሮው ሰፊ፣ የአባቴ ጠባብ፤ ይኸው ነው። ለማን ሄጄ ልንገር? ሁለቱም አፈር ናቸው። ዛሬ የሳሮን የቀለህ ሣጥኖች ላይ የየጠመንጃው ስም ተጽፎባቸዋል፤ ሰው ቀለህ ሲሰጣትም እፊቱ ትሞክረዋለች፣ የሰጣትም አይከፋውም። በእኛ ጊዜ መሞከር አለማመን ነበር፤ ሳንሞክር ተማመንን፣ ሳንጠይቅም ተካካድን።

ቤቴ ስገባ የሺን ኮል አደረግኩላትና ልጅቷ ያለችውን እንዳለ ነገርኳት። እሷም በእርቁ ዋዜማ ያየችውን፣ እስከ ዛሬ ሰሚ አጥታ የያዘችውን ነገረችኝ፦ አባቷ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቀለሁን ሁሉ አንድ በአንድ በራሱ ጠመንጃ እየሞከረ ይለይ ነበር፤ ትንሽ ጠበቅ ያለውን ለራሱ አስቀርቶ፣ ሸተት ብሎ የገባውን ብቻ፣ ደኅናው ይህ ነው ብሎ፣ ለወንድሙ ሞላለት።