የእርቁ ትዕይንት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የያዝኩት መብራት ነበር። ሐይቅ ከተማ የሚገኝ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ረዳት ብሎ ቀጠረኝ፤ ረዳት ማለት መብራት ተሸካሚ መሆኑን የነገረኝ ግን አልነበረም። ሙሽራዋ ደስ ብሏት ትስቃለች። አለቃዬ ጋሽ ሙሄ ካሜራውን ከዓይኑ ሳያነሳ፣ «መብራቱን ወደ ፊቷ አስጠጊው። ሙሽራ ካላለቀሰች ቤተሰቡ ቪዲዮ ተሠራልኝ አይልም» አለኝ። አስጠጋሁ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናትየዋም «ይኸው፣ ሆድ ባሳት ልጄን» ብለው አብረዋት አለቀሱ። ገና በመጀመሪያው ቀን ተናደድኩ፤ ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ኋላ ካሜራ ያዝኩ፣ ኤዲቲንግ ተማርኩ፣ ስለ ሴቶች ጉዳይ አጫጭር ፊልሞች መሥራት ጀመርኩ። ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ድብደባ፣ በፍቺ ጊዜ ስለሚነጠቅ መሬት። አሠሪዎቹ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ስክሪፕት ትሰጫለሽ፣ ይጸድቃል፣ ትቀርጫለሽ፣ በየአዳራሹ ይታያል። ሲያወሩት ቀላል ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ሰው ይሆናሉ፦ «ሽማግሌ ይግባና ይታረቁ።» ባል ጥርሷን ቢያወልቅም ይታረቁ። መሬቷን ቢነጥቃትም ይታረቁ። እርቅ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፤ የወሎ ልጅ ነኝ። ግን ታከተኝ።

አሁን የማወራላችሁ ፊልም ባሏ ሲመታት ቤቱን ጥላ ስለወጣች ሴት ነው። መሪ ተዋናይዋ ሰዓዳ ነበረች። ውጫሌ አግብታ፣ ባሏ ክንዷን ሰብሮባት፣ ሐይቅ እናቷ ቤት የተመለሰች ልጅ ናት። የባሏ ዘመዶች አሁንም «ተመለሽ» እያሉ ይመላለሱባታል። ልሥራ ያለችው በስክሪፕቱ ሴትየዋ «አልመለስም» ብላ ስለሚያልቅ ነው።

ባልየውን የሚሠራ ማግኘት ሌላ ጣጣ ሆነ። የባጃጅ ሹፌሩ ከማል በመከራ እሺ አለ። እጁን ማንሳት ሲደርስ ግን «እጮኛዬ ታየዋለች እኮ፤ በቁጣ ብቻ ብናልፈውስ?» ይለኛል። ባቆምን ቁጥር ሰዓዳን «አፉ በይኝ እህቴ» ይላታል። ማይኩ ደረቱ ላይ ስለተሰካ ይቅርታው ሁሉ ተቀረጸ፤ ኤዲቲንግ ላይ እሱን ስለቅም ዋልኩ።

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌታሁን ደወሉ።

«እህቴ፣ መጨረሻው ሰው ያስቀይማል። በእርቅ ይለቅ።»

«የጸደቀው ስክሪፕት እንዲህ አይልም» አልኳቸው።

«የጸደቀም ይሻሻላል። ሽማግሌዎቹን እኔ አመጣለሁ፤ እውነተኛ ሽማግሌዎች! ካልሆነ አዳራሽ አይገባም።»

ለሰዓዳ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔን እኮ አገር ያውቀኛል። ይሄ ውጫሌ ከታየ፣ ‹በሽማግሌ ፊት ይቅር ብለሻል› ብለው ይወስዱኛል። ፊልም ነው ብል ማን ይሰማኛል?»

ይህንኑ ለአቶ ጌታሁን ነገርኳቸው። «ትወና ነው፤ ምን ታካብዳለች!» አሉ። ተንገበገብኩ። ሰዓዳ ግን፣ «እመጣለሁ፣ የሰው ድካም ገደል አልከትም። ‹ይቅር ብያለሁ› የሚለው ቃል ግን ከአፌ አይወጣም» አለች።

ቀረጻው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነበር። ነፋሱ ማይኩን ያንኳኳዋል። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የነበሩት ሐይቅም ውጫሌም ቃላቸው የሚሰማ ሼህ እንድሪስ ናቸው። ጠጋ ብዬ አስረዳኋቸው። «አባባ፣ ኃላፊው ያሉት እንዲህ ነው፦ እርስዎ ታረቁ ይላሉ፤ እሷ ይቅር ብያለሁ ትላለች፤ ከዚያ ዱዓ ያደርጋሉ።»

«ዱዓውም ለፊልም ነው?»

«አዎ አባባ፣ ለፊልም ነው።»

«ለፊልም የሚባል ዱዓ የለም ልጀ። እጄን ከዘረጋሁ የዘረጋሁት ወደ አላህ ነው። እንግዲያ እንደ ደንቡ ነው የማደርገው።»

አቶ ጌታሁን ከካሜራዬ መቆሚያ ኋላ ሆነው «እንደ ደንቡ! በጣም ጥሩ!» አሉ።

ካሜራውን ከፈትኩ። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉና ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «ልጀ፣ መመለሱን ወደሽ ነው? ሳትወጅ ዱዓ አላደርግም።»

ይህ ጥያቄ ስክሪፕቱ ላይ የለም። ሰዓዳ መሬት መሬቱን አይታ ቀና አለች። «አልወደድኩም አባባ። ክንዴን ሰብሮኛል። አልመለስም።»

በፊልሙ ባልየው በጥፊ መታ እንጂ ክንድ አልሰበረም። የተናገረችው የራሷን ነበር።

ሼሁ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያ እርቅ የለም። መልካሙን አላህ ያምጣልሽ» ብለው ተነሡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከማል ብቻውን ቁጭ ብሎ ቀረ።

«ቁረጪው! ይደገም!» ብለው ጮኹ አቶ ጌታሁን። ሽማግሌዎቹ ግን መንገድ ጀምረዋል። ኃላፊው ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ አሉ፤ ካልተገኘም ለወጣቶች ጺም እንለጥፍላቸው አሉኝ። ጺም! «ሼህ እንድሪስን ቆርጬ ላውጣ፤ ማውጣቴን ግን እርስዎ ይንገሯቸው» አልኳቸው። ያመጧቸው ራሳቸው ናቸው። እያጉረመረሙ እንዳለ ይታይ አሉ፤ ውጫሌ አዳራሽም ታየ።

ብዙም ሳይቆይ የሰዓዳ ባል ዘመዶች እሷን የሚመልስ ሽማግሌ ፍለጋ ወጡ። ቃሉ የሚሰማ ሰው ስለፈለጉ ሼህ እንድሪስ ደጅ ሄዱ። ሼሁ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «እሷን ጠይቄያታለሁ። መልሷንም ሰምቻለሁ» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣባት የለም።

አቶ ጌታሁን ዛሬም ሥራ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት «እርቅ አለው?» ብለው ነው። ካሜራ ለምትይዙ የምላችሁ ይሄን ብቻ ነው፦ መጨረሻውን ከመቅረጻችሁ በፊት ሴትየዋን ጠይቋት።