አስፋልት ስር የቀረው የሳፍታ ባል

የከተማችንን የሳልቻን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከዳኑብ ወንዝ ወደብና ከእህል ነጋዴዎቹ ይጀምራሉ። እኔ ግን ከተማዬን ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አደባባዩ ነው። አያቴ እንደነገረችኝ ድሮ የፈረስ ገበያ ነበር። ኋላ ቤተ ክርስቲያን ተሠራበትና መቃብር ሆነ። እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ደግሞ ኮሚኒስቶቹ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሱት። የአደባባዩን ስም እንኳ ስንቴ እንደለወጡት ረስቼዋለሁ።

ሳፍታ ጎረቤቴ ነበረች። ጎመን በጨው ውሃ በበርሜል እያኮመጠጠች ገበያ ትሸጣለች። እጇ ክረምት ከበጋ ይኮመጥጣል፣ ምላሷም እንደዚያው። ባሏ ጋቭሪል የወደብ ተሸካሚ ነበር፣ ግዙፍ፣ ሰው ሲያናግረው የሚያፍር። ሲሞት እዚያው መቃብር ቀበረችው።

ቦታው አስፋልት ለብሶ አደባባይ ሊሆን ነውና መቃብሩ ይነሣ የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ ጋቭሪል ከሞተ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር። በእኛ ደንብ ሟች በተቀበረ በሰባት ዓመቱ ከመቃብር ይወጣል፣ አጥንቱን ሚስቱ በወይን ጠጅ ታጥበዋለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ መቃብሩ ይመለሳል። ያን ጊዜ ነው አረፈ የሚባለው። ሥጋው ሳያልቅ መክፈት ነውር ነው።

ሌላው ሁሉ ነውሩን ውጦ ሬሳውን በጋሪ ወደ አዲሱ መቃብር አጋዘ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰው አፉን በመሐረብ ይዞ፣

“ጓድ ሳፍታ፣ ዘመድ ካላቸው ያንቺ ብቻ ቀረ እኮ!” አላት።

“ሦስት ዓመት ጠብቁኝ።”

“አስፋልቱ አንቺን ይጠብቃል እንዴ?”

“ለድልድዩ መሥሪያ ድንጋይ ስታራግፉ እኔ ገና ጡት አላወጣሁም ነበር። ድንጋዩ ላይ እስካሁን ፍየል ይተኛበታል። ምን አስቸኮለኝ!”

ሁላችንም ሳቅን። እውነቷን ነዋ! በሳልቻ በቀኑ ያለቀ ሥራ ማን አይቶ ያውቃል? ያን ጊዜ ግን ከዋናው ከተማ ከቡካሬስት ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኘን ነው ተባለ፣ አስፋልቱም ሳምንት ሳይሞላው ተነጠፈ። ሳፍታ ከገበያ ስትመለስ መዳመጫው መኪና ጋቭሪል ላይ ሲመላለስ አየችው። ጎመኗን ከነባልዲው መንገድ ላይ ደፍታ ቤቷ ገባች።

ኮሚኒስቶቹ ወደቁ፣ እነዚህ የዛሬዎቹ መጡ። እነዚህ ደግሞ የከተማው ቀን የሚሉት በዓል አወጡ። በየዓመቱ እዚያው አደባባይ ላይ የተፈጨ ሥጋ ይጠበሳል፣ ቢራ ይፈሳል፣ ከንቲባው ስለ ታላላቅ አባቶቻችን ይለፈልፋል፣ ሰካራሙ ግንብ ስር ይሸናል። ሳፍታ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳ ጠባሹን፣ “ልጄ፣ ምድጃህን ፈቀቅ አድርግልኝ፣ ጮማው ባሌ ፊት ላይ ይንጠባጠባል” አለችው። “ባልሽ ከጮማው ጋር ዳቦም ይፈልጋል?” ብሎ አሳቀባት።

ሁለታችንም ካረጀን በኋላ የፍሳሽ ቧንቧ ሊቀብሩ አደባባዩን ቆፈሩት። ጋቭሪልም፣ አንሺ ዘመድ ስላልነበራቸው እዚያው የቀሩትም ሁሉ በቁፋሮ መኪናው አካፋ ወጡ። አጥንቱን በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው ከሽንት ቤቱ ጎን ደረደሩት። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሸሚዙ የነጣ ልጅ፣

“አታስቡ እማማ፣ በጅምላ ይቀበራሉ፣ ቄሱም አንድ ጸሎት ያደርሱላቸዋል” አለን።

በጅምላ! እንደ ሽንኩርት!

ሳፍታ በማግስቱ ሳፋና አንድ ማሰሮ ወይን ጠጅ ይዛ ጆንያዎቹ አጠገብ ቁጭ አለች።

“የባልሽን በምን ታውቂዋለሽ?” አልኳት።

“አላውቀውም።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ምን? እዚህ ውስጥ አለ። ሁሉንም ካጠብኩ እሱንም አጠብኩት ማለት ነው።”

አጥንቱ በጭቃና በፍሳሽ ጠቁሯል። አንድ በአንድ እየጎተተች አውጥታ ሳፋው ውስጥ በወይን ታጥበው ጀመር። ማሰሮዋ ሲያልቅ ገና ግማሹ ጆንያ አልተነካም።

“ዞይካ፣ ምድር ቤትሽ ያለው ወይን ለማን ነው?” አለችኝ።

“ለልጅ ልጄ ሠርግ ነዋ!”

“እሷ ቢራ ትጠጣ። ሂጂ አምጪ።”

እያጉረመረምኩ ሄጄ አመጣሁ። አፍንጫዬን በሻርፔ አስሬ ጎኗ ተንበረከክሁ፣ እሷ ስታሽ እኔ ማፍሰስ ጀመርኩ። ከሦስተኛው ጆንያ ከጣቴ የማይበልጥ አጥንት ወጣ።

“ይሄ እንኳ የሕፃን ነው፣ የእሱ አይደለም” አልኳት።

“ታዲያ ሕፃን አይታጠብም?” አለችና እጇን ዘረጋች። “አፍስሺ።”